እግር ጄሶ ውስጥ፣ እጅ ሥራ ላይ፦ የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ቤት ውስጥ መሥራት

ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ቤት የዋለ ሰው ሁለት ነገር ይበዛለታል፤ ጊዜና ጠያቂ። ጊዜውን በስልክ መግደል ይቻላል፣ እኔም መጀመሪያ የያዝኩት እሱኑ ነበር፣ ግን ቲክቶክም ይሰለቻል። ጠያቂው ደግሞ ብርቱካኑን አንጠልጥሎ ይመጣል፣ "ወጌሻ ጋ ብትሄድ እኮ እስካሁን ትሮጥ ነበር" ይላል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። እዚህ የምነግራችሁ ሁለቱንም ሥራ ላይ ማዋል ነው። በጊዜው እናንተ ትሠራላችሁ። ጠያቂውን ዕቃ ታስመጡታላችሁ፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣውም እሱ ነው።

የምንሠራው ሦስት ግማሽ ኳስ ያለው፣ ነፋስ ሲመጣ የሚሽከረከር፣ ፍጥነቱን በሰዓት በኪሎ ሜትር የሚያሳይ መለኪያ ነው። ለታመመ ሰው ይመቻል። ከባድ ዕቃ የለውም፣ ቁጭ ብለው በትንሽ በትንሹ ይሠሩታል፣ ሲደክም ትሪው ላይ ጥለውት ይተኛሉ፣ ሲያልቅም ከአልጋ ሳይነሱ የሚነበብ ነገር ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልበል። የሚሽከረከር ነገር መሥራት ቀላል ነው። ማንም ይሠራዋል፣ የሰፈር ልጆችም ከወረቀት ይሠሩታል። መሽከርከሩ ብቻ ግን ምንም አይነግራችሁም። አንድ ዙር ስንት ሜትር ነፋስ እንደሆነ ካላወቃችሁ ያላችሁ መጫወቻ ነው። ስለዚህ ገጣጠማውን ቶሎ ቶሎ እንለፈውና ቁጥሩ ላይ ቆም እንላለን።

መጀመሪያ እግሩ

ሐኪም "እግርህን ከፍ አድርግ" ሲል ወንበር ላይ ስቀለው ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ከልብ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን ማለቱ ነው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ እብጠቱ እንዲወርድ። ስለዚህ ይሄ ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሶ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ሶፋ ላይ ጋደም ትላላችሁ፣ እግራችሁ ሥር ትራስ ትደራርባላችሁ፣ ሆዳችሁ ላይ ትሪ ታስቀምጣላችሁ። ትሪው ከንፈር ያለው ይሁን። አለበለዚያ ዳዶ ይንከባለልና ሶፋ ሥር ይገባል፣ በክራንች ሶፋ ሥር ዳዶ መፈለግ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅታችሁም።

ፕላስቲክ ስትቆርጡና ስትሞርዱ የጄሶውን አፍ በፎጣ ጠቅልሉት። ቀልድ አይደለም። አንዲት የፕላስቲክ ፍርፋሪ ጄሶ ውስጥ ገብታ በቆዳውና በጥጡ መሃል ከተወሸቀች ሌሊቱን ሙሉ ስታሳክክ ታድራለች፣ ማውጫም የላትም። በሹራብ መሥሪያ ወይም በእስክሪብቶ እየቆፈሩ ማከክ ደግሞ ቆዳውን ይልጠዋል፣ ቁስሉም ከውስጥ ሆኖ ስለማይታይ እስኪያመረቅዝ አታውቁትም። ጣቶቻችሁ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ሥራውን ጣሉትና ሐኪም ጋ ሂዱ። ማስታገሻ ወስዳችሁ ጭንቅላት ሲከብዳችሁም ምላጭ አትያዙ። የሌላው ሁሉ መፍትሔ መስኮት መክፈት ነው፤ የኮላው ሽታ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለጤነኛም አይሆንም።

ዕቃው

ፊጅት ስፒነርን ታስታውሱታላችሁ? በ2017 እ.ኤ.አ. ልጅ አዋቂ ሳይል ሁሉም በጣቱ ሲያሽከረክረው የነበረውን ባለ ሦስት ክንፍ መጫወቻ። ልጅ ያለበት ቤት መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። መሃሉ ላይ ያለው ኩሽኔታ በአብዛኛው 608 የሚባለው ነው፤ የውስጥ ቀዳዳው 8 ሚሊ፣ የውጭ ስፋቱ 22 ሚሊ፣ የሮለር ጫማ ጎማ ውስጥም የሚገባው እሱ ነው። ሦስቱ ክንፎች እኩል ተራርቀው ስለተሠሩ ደግሞ እኛ በፕሮትራክተር ልናሰላው የነበረውን 120 ዲግሪ ፋብሪካው ጨርሶልናል።

ሌላው ሁለት የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ነው፣ 40 ሚሊ የሆነው መደበኛው። ሁለት ኳስ አራት ግማሽ ይሰጣል፣ ሦስቱን ትጠቀማላችሁ፣ አንዱ መጠባበቂያ ይሆናል። ለክንዶቹ የተሰበረ ጃንጥላ ፈልጉ። የጃንጥላ ሽቦ ቀጭን፣ ግትርና ቀላል ነው፣ የተሰበረ ጃንጥላ የሌለበት ቤት ደግሞ አላውቅም። 8 ሚሊ ውፍረትና ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቡሎን (በ13 ቁልፍ የሚፈታው) ከሦስት ዳዶ ጋር፣ ክዳን ያለው ባለ 50 ሚሊ የፒቪሲ ቧንቧ፣ ናስትሮ፣ ሁለቱ ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቀው ኮላ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት። ይሄን ሁሉ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚያልፍ ጠያቂ በአንድ ዙር ይዞላችሁ ይመጣል። ብርቱካኑ ይቅር በሉት።

ቆጣሪው ላይ ግን ቆም በሉ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቀጥታ ወደ አርዱዊኖ (በኮድ ወደምትታዘዘው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ይሮጣል። የሚያውቀው ይሩጥ፤ ማግኔት ስታልፍ የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ ፒን፣ አጭር ኮድ፣ አንዷን መዝጋት ሁለት አድርጎ እንዳይቆጥር ትንሽ መዘግየት፣ አለቀ። እኔ የምመርጠው የቢስክሌት ፍጥነት ቆጣሪ ነው፣ መሪው ላይ የሚታሰረውን ትንሿን ሰዓት መሳይ። ጎማው ላይ ማግኔት አለ፣ ሹካው ላይ ማግኔቷ ባለፈች ቁጥር የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ ቆጣሪው ዙሩን በጎማው ዙሪያ ርዝመት ያባዛና ፍጥነት ያሳያል። እኛ የምንፈልገው ይሄንኑ ነው፣ ጎማው በነፋስ ይዙር እንጂ። ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። ባለ ሽቦ ይሁን፤ ሽቦ አልባው ከአንድ ሜትር በታች በሆነ ርቀት እንዲሠራ የተሰናዳ ስለሆነ ከጣሪያ እስከ ሶፋ አይደርስም። የጎማውን ዙሪያ በሚሊ ሜትር በነፃነት የሚያስገባ ይሁን፣ ከተዘጋጀ ዝርዝር ብቻ የሚያስመርጠው አይሆነንም። ቁልፍ ሳይነካ፣ ማግኔቷ ስታልፍ ራሱ የሚነቃ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ከተጣለ ኮምፒውተር የወጣ ማቀዝቀዣ ፋን ወይም የሃርድ ዲስክ ሞተር በነፃ ይገኛል የሚላችሁ ይኖራል። እውነት ነው፣ ይገኛል። ግን ሞተሩ ውስጥ ያሉት ማግኔቶች ሲዞር ያዝ ለቀቅ ያደርጉታል፣ በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ብታዞሩት ይሰማችኋል። ያ መያዝ ቀላሉን ነፋስ ይውጠዋል። ማግኔት የማይይዘው ኩሽኔታ ይሻላል።

ጽዋውስ (ነፋሱን የሚቀበለው ግማሽ ኳስ) ለምን ሦስት? የመጀመሪያው በስፋት የታወቀው ባለ ጽዋ መለኪያ አራት ነበረው። በ1846 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ውስጥ የአርማ የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ የነበረው ቶማስ ሮምኒ ሮቢንሰን ነው የሠራው። በ1926 እ.ኤ.አ. ካናዳዊው ጆን ፓተርሰን ሦስቱ እንደሚሻሉ አሳየ፤ ለነፋስ መለዋወጥ ቶሎ ይታዘዛሉ፣ አዟዟራቸውም እኩል ነው። የሚዞሩበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው። የኳሱ ሆድ ነፋሱን ይቀበላል፣ ጀርባው ግን ያንሸራትተዋል። ሆዱ ላይ የሚያርፈው ግፊት ጀርባው ላይ ከሚያርፈው ሦስት እጥፍ ያልፋል።

ገጣጠማው

ኳሱን ወደ አምፖል አቅርባችሁ ስታዞሩት ብዙዎቹ ላይ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። መስመሩን ተከትላችሁ በእስክሪብቶ አስምሩ፣ በምላጭ ጫፍ ወጉትና በትንሽ መቀስ ዙሩት። መስመር ከሌለው አንድ ዙር ናስትሮ ጠምጥሙበትና የናስትሮውን ጠርዝ ተከተሉ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። አንዱ ግማሽ ከሌላው በአንድ ሚሊ ቢበልጥ ቤት አይፈርስም። የድሮዎቹን ኳሶች ግን በጋለ ቢላ እቆርጣለሁ አትበሉ፣ የተሠሩበት ሴሉሎይድ እንደ ክብሪት ይነዳል።

ሦስት የጃንጥላ ሽቦ እኩል ቁረጡ። በእያንዳንዱ ግማሽ ኳስ ጎን ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቀዳዳ ብሱና ሽቦውን አሳልፉበት፣ ከኳሱ ጋር በኮላ ያዙት። የኳሱ አፍ ወደ ሰማይም ወደ መሬትም አይመልከት፤ ወደ ጎን ይመልከት፣ ሦስቱም ወደ አንድ የዙር አቅጣጫ። ከዚያ የየሽቦውን ሌላኛ ጫፍ በስፒነሩ ክንፍ ላይ በክር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩና ክሩ ላይ ኮላ አፍስሱ። ከቡሎኑ መሃል እስከ ኳሱ መሃል ያለው ርቀት በሦስቱም 7 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ይሄን ርቀት በማስመሪያ በደንብ ለኩ፣ በኋላ ሒሳቡ የሚቆመው እሱ ላይ ነው። ኮላው አድሮ ይድረቅ። ጋደም ያለ ሰው ደግሞ የት ይሄዳል።

የስፒነሩን መሃል ክዳኖች በጥፍር አውጡ። ኩሽኔታው ውስጥ ወፍራም ግራሶ ካለ በነጭ ጋዝ አስነክራችሁ እጠቡት (በረንዳ ላይ፣ ሌላ ሰው ይጠበው)፣ ሲደርቅ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ። አሁን የቧንቧውን ክዳን መሃሉን ብሱና ቡሎኑን ከሥር ወደ ላይ አሳልፉት፣ በዳዶ አጥብቁት። ሁለተኛው ዳዶ ከፍታ መወሰኛ ነው። እሱ ላይ ስፒነሩ ይቀመጣል፣ ከላይ ሦስተኛው ዳዶ ይዘጋል።

እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ አለ። ዳዶው ከኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ሰፋ ስለሚል ቀጥታ ካሳረፋችሁት ከሚዞረው ክፍል ጋር ሊተሻሽ ይችላል። ቀጭን ሽቦ ቡሎኑ ላይ ሁለት ዙር ጠምዝዛችሁ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፣ አንዱን ከስፒነሩ በታች አንዱን ከላይ አድርጉ። ቀለበቷ የምትነካው የውስጡን ቀለበት ብቻ ነው። ልክ ከሆነ ዳዶውን ብታጠብቁትም ስፒነሩ እንደ ልቡ ይዞራል።

ማግኔቷን ከአንዱ ክንፍ ሥር ለጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያውን የቧንቧው ክዳን ላይ፣ ማግኔቷ በምታልፍበት መንገድ ሥር፣ በሁለቱ መካከል 3 ወይም 4 ሚሊ ክፍተት ትታችሁ ለጊዜው በናስትሮ ያዙት። በእጅ እያዞራችሁ ቆጣሪውን እዩ። ቁጥር ካልመጣ አጠጉት ወይም ማብሪያ ማጥፊያውን ትንሽ አዙሩት። ሲይዝላችሁ በኮላ አጽኑት።

አሁን ሚዛን። ማግኔት ያለበት ክንፍ ይከብዳል። ሁሉንም ወደ ጎን አጋድሙት፣ ኳሶቹ እንደ ግድግዳ ሰዓት ወደ እናንተ ዞረው እንዲታዩ፣ ከዚያ ልቀቁት። ከባዱ ክንፍ እየተወዛወዘ ወደ ታች ይወርዳል። በሌሎቹ ሁለት ክንፎች ላይ ቁራጭ ናስትሮ ጠቅልሉ፣ ልቀቁት፣ እዩ፣ ጨምሩ። የት እንደሚቆም መገመት ሲያቅታችሁ ልክ መጥቷል። ይሄን የዘለለ ሰው ነፋስ ሲበረታ ምሰሶው ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል፣ ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል። በመጨረሻ ከላይ ቆብ፤ የሃይላንድ ታች ቆርጣችሁ ወይም ሰፋ ያለ የማሰሮ ክዳን የላይኛው ዳዶ ላይ ለጥፉለት። ዝናብና አቧራ ከኩሽኔታው ይከለክላል።

ቁጥሩ

ክንዱ 7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ኳሱ በአንድ ዙር የሚጓዘው 2 ጊዜ 3.14 ጊዜ 7 ነው፣ ወደ 44 ሳንቲ ሜትር። ኳሱ ግን ከነፋሱ እኩል አይሮጥም። ጀርባው ወደ ኋላ እየጎተተው ነው የሚሄደው። ሮቢንሰን ነፋሱ ከጽዋው ሦስት እጥፍ ይፈጥናል፣ ጽዋው ቢተልቅም ክንዱ ቢረዝምም ያው ሦስት ነው ብሎ ነበር። በኋላ የለኩት ሰዎች ቋሚ እንዳልሆነ ደረሱበት። እንደ ጽዋው ስፋትና እንደ ክንዱ ርዝመት ከሁለት እስከ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ ትንሽ አልፎ ይለዋወጣል። ስለዚህ ሦስትን መነሻ እናድርገው፣ እውነተኛውን በኋላ ራሳችን እናገኘዋለን። 44 ጊዜ 3፣ 132 ሳንቲ ሜትር። አንድ ዙር ማለት 1.32 ሜትር ነፋስ አለፈ ማለት ነው።

ቆጣሪው የጎማ ዙሪያ ሲጠይቃችሁ 1320 አስገቡ። በቃ። ከዚህ በኋላ ስክሪኑ ላይ የምታዩት "የቢስክሌት ፍጥነት" የነፋሱ ፍጥነት ነው። ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሆን መለኪያው በሰከንድ ስምንት ዙር ከግማሽ አካባቢ ይዞራል፣ ይሄን ተራ ቆጣሪ አይስተውም። ቢስክሌት በሰዓት ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ከሚቆጥረው ጋር እኩል ነው።

ቆጣሪው ከፍተኛ ፍጥነትም ይመዘግባል፣ ሌሊት ምን ዓይነት ሽውታ እንዳለፈ ጠዋት ታዩበታላችሁ። አማካዩን ግን አትመኑት! ቢስክሌት ሲቆም ሰዓቱም እንዲቆም ተደርጎ ስለተሠራ አብዛኛው ቆጣሪ ነፋስ ያልነበረበትን ጊዜ ከሒሳብ ያወጣዋል። ሌሊቱን ሙሉ ፀጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት 15 ቢነፍስ "አማካይ 15" ይላችኋል። ውሸቱን ነው። የምትፈልጉት ርቀቱን ነው። ማታ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር "እንደተጓዘ" ጻፉ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ጻፉ፣ ልዩነቱን ለ24 አካፍሉት። 96 ኪሎ ሜትር ካለፈ የቀኑ እውነተኛ አማካይ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ነው።

ልኩን ማግኘት

አሁን 3 ያልነውን ግምት እናርመው። መኪና ያለው ጠያቂ ያስፈልጋችኋል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ እሁድ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ባዶ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ። መለኪያውን በረዥም ዘንግ ፖርቶመጋላው ላይ ቀጥ አድርጎ ይሰረው፣ ከጣሪያው ቢያንስ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። መኪናው አየሩን እየገፋና እያፈጠነ ስለሚሄድ ጣሪያው አጠገብ ያለው ነፋስ እውነተኛው አይደለም። በመስኮት በእጅ ይዞ ማውጣት ለልኩም ለእጁም አይበጅም። አንድ ሰው ይነዳል፣ ሌላው ያነባል። ሹፌሩ ቆጣሪ እያየ እንዳይነዳ። እናንተ ሶፋችሁ ላይ ቁጥሩን ጠብቁ፣ ወይም ሐኪሙ ከፈቀደ የኋላ ወንበር ላይ እግራችሁን ዘርግታችሁ ጸሐፊ ሁኑ።

የመኪናውን ፍጥነት ከዳሽቦርዱ አትውሰዱ። ዳሽቦርድ አብዛኛውን ጊዜ አብዝቶ ነው የሚያሳየው፣ በስልክ ጂፒኤስ አንብቡ። በ20፣ በ30 እና በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነቱን ሳይቀያይር ይንዳ። አንዴ ሲሄድ አንዴ ሲመለስ ይነበብ፣ የሁለቱ አማካይ ይወሰድ፤ ቀላል ነፋስ ቢኖር እንኳ በአንድ አቅጣጫ የጨመረውን በሌላው ይቀንሰዋል። ከዚያ ሒሳቡ የሦስተኛ ክፍል ነው። መኪናው በ30 ሲሄድ ቆጣሪው 26 ካለ፣ 1320ን በ30 አባዙ፣ ለ26 አካፍሉ፣ 1523 ይመጣል። የጎማውን ዙሪያ 1523 አድርጉት። ሦስቱ ፍጥነቶች ትንሽ የተለያየ ቁጥር ከሰጧችሁ ሰፈራችሁ ውስጥ በብዛት ለሚነፍሰው የሚቀርበውን ያዙ፤ ዝቅተኛው ላይ ኩሽኔታው ስለሚይዘው ልዩነት መኖሩ አይቀርም።

መኪና ከሌለ በዓይን። በ1805 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ፍራንሲስ ቦፎርት ነፋስን በሚያደርገው ነገር ደረጃ የሚሰጥ ሰንጠረዥ አዘጋጀ፣ በኋላ ለየብስ ተስማምቶ ዛሬም ይሠራል። ለአልጋ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፣ መስኮት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጭስ ዘንበል ካለ ግን ፊት ላይ ምንም ካልተሰማ በሰዓት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ነው። ፊት ላይ ከተሰማና ቅጠል ሹክሹክ ካለ ከ6 እስከ 11። ቅጠልና ቀጫጭን ጭራሮ ሳያቋርጡ ከተንቀሳቀሱ፣ ባንዲራም ከተዘረጋ ከ12 እስከ 19። አቧራና ወረቀት ከተነሳ (እኛ ጋ ፌስታል በሉት) ከ20 እስከ 28። ትንንሽ ዛፎች መወዛወዝ ከጀመሩ ከ29 እስከ 38። ጃንጥላ መያዝ ካስቸገረ ከ39 እስከ 49። ባሕር ዛፍ ላይ አትፍረዱ ታዲያ፣ ረዥምና ቀጭን ስለሆነ ለትንሹም ይደንሳል። ቆጣሪውንና የምታዩትን ጎን ለጎን ብዙ ጊዜ ጻፉና ሁልጊዜ ዝቅ የሚል ወይም ሁልጊዜ ከፍ የሚል ከሆነ የጎማውን ዙሪያ አስተካክሉ። እንደ መኪናው አይሆንም፣ ግን ከግምት ይሻላል።

ዕቃው እስኪሟላ መጠበቅ ለከበዳችሁ ደግሞ የዛሬ ሥራ ልስጣችሁ። አንዱን ኳስ ሳትቆርጡት በፊት ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ክር በናስትሮ ለጥፉበትና ከፕሮትራክተር መሃል አንጠልጥሉት። ነፋስ ሲገፋው የሚሠራውን ማዕዘን ታነባላችሁ። ኳሱ ከቀጥታው 45 ዲግሪ ከተነሳ በባሕር ወለል ላይ ነፋሱ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ያው ማዕዘን 37 ገደማ ማለት ነው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ያንኑ ኳስ እኩል ለማንሳት መፍጠን አለበት። ከውጭ የምታገኟቸው የኳስና የክር ሰንጠረዦች በሙሉ ለቆላ አየር የተሠሩ ናቸውና ወደ 15 በመቶ ጨምሩባቸው። ባለ ጽዋው ይሄ ችግር ብዙም አይነካውም። ሆዱንም ጀርባውንም የሚገፋው ያው አየር ስለሆነ የአየሩ መሳሳት ይጣፋል፣ አዳማ ላይ የተስተካከለ መለኪያ ደብረ ብርሃን ላይም ይሠራል። ባለ ጽዋውን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

መትከል

እናንተ አትወጡም። በክራንች መሰላል ላይ የወጣ ሰው ሁለተኛ ጄሶ ነው የሚፈልገው። ዲሽ የሚያስተካክለው ልጅ ለሌላ ሥራ ሲመጣ የዲሹ ምሰሶ ላይ ቧንቧውን እንዲያስርላችሁ ለምኑት፣ ከሳህኑ በደንብ ከፍ አድርጎ፣ ሳህኑ ነፋሱን እንዳይጋርደው። የቆጣሪው ሽቦ አጭር ስለሆነ በማንኛውም ቀጭን ባለ ሁለት ሽቦ፣ የድሮ የስልክ ሽቦ ይበቃል፣ ቀጥሉት። ማብሪያ ማጥፊያ ስለሆነ የቱ ከየቱ ጋር ይገናኝ ብላችሁ አትጨነቁ። መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልሉ፣ ሽቦው ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይመለስ፣ ዝናቡ ተከትሎት እንዳይገባ።

የአየር ትንበያ ጣቢያዎች ነፋስን የሚለኩት ገላጣ ሜዳ ላይ በ10 ሜትር ከፍታ ነው፣ ከግርዶሹ ደግሞ ቢያንስ የግርዶሹን ቁመት አሥር እጥፍ ርቀው። ከተማ ውስጥ ይሄ ሕልም ነው። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የተተከለ መለኪያ የሚነግራችሁ የበረንዳውን ነፋስ ነው። የሕንፃ ጥግ ነፋሱን ያፈጥነዋል፣ መሃል ግድግዳ ላይ ደግሞ ይሞታል። ልብስ ለማስጫ ይበቃል፣ የሰፈሩ ነፋስ ነው ብላችሁ ግን አትከራከሩበት። ጓሮ አትክልት ለሚያጠጣ ሰው የሚፈለገው በ2 ሜትር ያለው ነው፤ ሜዳ ላይ በ10 ሜትር የተለካውን በ0.75 ብታባዙት ይቀርባል።

የነፋስ ተርባይን ጣሪያዬ ላይ ልትከል ለሚሉም ይሄ መለኪያ ከመግዛት በፊት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ነው፣ ፍጥነቱ ግማሽ ሲሆን ደግሞ ከስምንት አንድ ብቻ ይቀራል። አዳማ ዳር የቆሙት 51 እና 153 ሜጋ ዋት ጣቢያዎች ቦታቸው የተመረጠው ነፋሱ ተለክቶ ነው፣ የሚይዙትም ከቆርቆሮ ጣሪያ በብዙ አሥር ሜትሮች ከፍ ያለውን ነው። ዓመት ያልለኩትን ጣሪያ አይታችሁ ገንዘብ አታውጡ።

ለመመዝገብ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ጥሩ ናቸው፣ የአየር ሁኔታ ተመልካቾችም የሚያነቡባቸው ሰዓቶች ናቸው። በየሰዓቱ ቆጣሪውን ለሁለት ደቂቃ ያህል እያያችሁ የሚመላለስበትን መሃል ጻፉ፣ አንዲት ሽውታ ይዛችሁ እንዳትሮጡ። ከጎኑ ሰማዩን፣ ዝናቡን፣ የነፋሱን መምጫ ጨምሩ። በበጋ ጠዋቱ ፀጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መብረቅ ሲጀምር ሽቦውን ከቆጣሪው ንቀሉት፣ ጫፉንም ከአልጋችሁ አርቁት። ከጣሪያ ወደ ቤት የሚገባ ሽቦ ነው፣ በክረምት የደጋ መብረቅ አይቀለድም። በየጊዜው፣ በተለይ አቧራው ሲበዛ፣ ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ጠብታ ዘይት ኩሽኔታው ላይ ያኑርላችሁ። ፀጥ ባለ ቀን ጣት ነክቶት ሲለቀው በቀስታ እየደከመ ካልቆመና ገታ ካለ ኩሽኔታው ቆሽሿል ማለት ነው። የደጋ ፀሐይ ፕላስቲክ ያደርቃል፣ ከኳሶቹ አንዱ መሰንጠቁ አይቀርም። አራተኛው ግማሽ የተቀመጠው ለዚያ ነው፤ እሱን ለጥፉ፣ አጋድማችሁ ሚዛኑን እንደገና ፈትሹ፣ የክንዱን 7 ሳንቲ ሜትርም እንደገና ለኩ።